ስድስት ይወጣል፣ ሁለት ይቀራል

ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ስለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላውጋችሁ።

ረታ ወረቀቷን ከቦኖው ሥር አንስቶ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበባት ነበር። ጊዜው የደርግ ነው፤ ያ ቤት ለቤት የሚፈተሽበት የአሰሳው ዓመት። ቦሌ ሚካኤል ሰፈር ሰው ከጎረቤቱ ጋር ቆሞ ማውራት ፈርቷል። ረታ ደግሞ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው። ወረቀቷ ላይ ጣሪያ የመሰለ ምልክት አለ፤ ከጣሪያው ሥር ሰባ ሁለት የሚል ቁጥር። ግርጌዋ ላይ በእርሳስ፣ "ስድስት ይወጣል፣ ሁለት ውስጥ ይቀራል" ተብሎ ተጽፏል።

የቤት ቁጥር ሰባ ሁለት የልብስ ሰፊዋ የወይዘሮ ትብለጽ ቤት ነው። በቀበሌው መዝገብ የቤቱ ሰው ስምንት ነው። ረታ በጣቱ ቆጠረ። ስድስትና ሁለት፣ ስምንት። ስድስቱ ሊያመልጡ ነው፣ ሁለቱ ሊደበቁ ነው አለ በልቡ። ሊቀመንበሩ እስከ ቀትር የተጠርጣሪ ስም አምጣ ብሎታል፤ ባዶ እጁን ከሄደ ራሱ ሊጠረጠር ነው።

ጠመንጃውን አንግቶ ሄደ። ትብለጽ ገበያ ወጥታለች። ያገኘው ልጇን ሣባን ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ከሰል ታያይዛለች።

"ይቺ የማን ናት?"

"የኔ ናት፣ ጋሼ። ውሃ ስቀዳ ወድቃብኝ ነው።"

"ስድስቱ ወዴት ነው የሚወጡት?"

"ከሥሩ ነዋ።"

"ከምኑ ሥር? ማነው የሚያስወጣቸው?"

ሣባ ሳቋ መጣ፤ ጠመንጃውን አየችና ዋጠችው። የሂሳብ የቤት ሥራ ነው አለችው፤ ጣሪያ የመሰለው የስኩዌር ሩት፣ የሥር ምልክት ነው፤ ቁጥሩን አስተማሪያቸው የሰጣቸው ነው፣ ከቤታቸው ቁጥር ጋር እንዲያው ገጥሞ ነው። ሰባ ሁለት ማለት ሠላሳ ስድስት ሲባዛ በሁለት ነው። ሠላሳ ስድስት ደግሞ ስድስት ጊዜ ስድስት ስለሆነ፣ ከሥሩ ስድስት ሆኖ ይወጣል። ሁለት ግን ጥንድ የለውም፤ እዚያው ይቀራል።

ረታ አላመናትም። ልጆችን እንዲህ ያለ መልስ የሚያስጠኑ ሰዎች እንዳሉ ሰምቷል።

"በይ በኔ ቤት ቁጥር አሳዪኝ። ሃምሳ ነው።"

እዚያችው ወረቀት ላይ፣ ዝቅ ብላ ጻፈች፤ ሃያ አምስት ሲባዛ በሁለት።

"አምስት ይወጣል፣ ሁለት ይቀራል፣ ጋሼ።"

ረታ የራሱን ቤት ሰው ቆጠረ። ልጆቹ አምስት ናቸው። የሚቀሩት ሁለቱ እሱና ሚስቱ ናቸው።

ወረቀቷን በሁለቱ ቁጥሮች መሃል አጠፋት። መታጠፊያውን በጥፍሩ ጫን ጫን አደረገው። የላይኛውን ለሊቀመንበሩ ሊሰጥ፣ የራሱ ቤት ያለበትን የታችኛውን ሊያስቀር፤ አንድ ቅድ ብቻ ነው የቀረው። ሣባ ጣቶቹን ታያለች።

እንደታጠፈች ከሰሉ ላይ አኖራት፤ ነደደች።

"የቤት ሥራዬ ነበር እኮ" አለች ሣባ፣ ቀስ ብላ።

"እንደገና ሥሪው። አማርኛውን ግን አትጻፊበት።"

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ረታ ባዶ እጁን ወደ ቀበሌው አቀና።

እናንተም ልጆቼ፣ ትምህርት ቤት ቁጥር ከሥር ስታወጡ፣ ያቺን ታጥፋ ሳትቀደድ የቀረች ወረቀት አስቡልኝ።