የፍልሰታ ዋና

ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እየተመላለስኩ የምንከባከባቸው አሮጊት ሚስስ ሄለን ይባላሉ። እናታቸው ሩት የዛሬ መቶ ዓመት ግድም የታወቀች ዋናተኛ ነበረች። ገላቸውን ባጠብኳቸው ቁጥር የሚያወሩኝ የእሷን ነው።

"ያኔ የሴት ልብ ረጅም ዋና አይችልም ይባል ነበር" ይሉኛል።

ሩት አንድ ሰፊ ወንዝ በዋና ልታቋርጥ ስትነሳ ሐኪም በጀልባ አስከተሉባት። የዋና ልብሷ ሱፍ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እንደ እርጥብ ጋቢ ይጎትታል። መሃል ላይ ሐኪሙ "ይበቃሻል፣ ውጪ" ቢላት "አንተ ከበረደህ ካፖርትህን ደርብ" ብላው አለፈች። ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ስንቱን ውድድር አሸነፈች፤ ስታረጅም የሰፈሯን ሴቶች ልጆች ዋና አስተማረች።

ይኼን ስሰማ ከርሜ ነው እኔም ለጉልበቴ ብዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ዋና የጀመርኩት። የአረጋውያን ውድድር አለ ሲሉኝ ወዲያው ተመዘገብኩ። ኦገስት ሲሉኝ ፍልሰታ መሆኑ አልመጣልኝም። ለካ ዓርብ ጠዋት፣ በጾም! የንስሐ አባቴን አባ ባርናባስን ደውዬ ውሃው አፌ ቢገባስ አልኳቸው።

"ካልዋጥሽው ምን አለበት" አሉኝ እየሳቁ።

ልጄ ሳሌም ነርስ ናት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? ሳትበዪ? ካንስል አድርጊው!"

"ጾም ይዤ ስንቱን ስሰግድ ያላየሽኝ ይመስል።"

"ፑል ውስጥ አይሰገድማ! እሺ፣ ደክሞሽ የፑሉን መስመር መለያ ገመድ ከያዝሽ ግን ዋናው በቃ። ለሁልጊዜ። ፕሮሚስ?"

"ፕሮሚስ" አልኳት።

ዓርብ ጠዋት አማትቤ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ደርሶ መልስ ነው። መሄጃው ደህና ነበር። ስመለስ ክንዴ ከበደ። ሌሎቹ ጨርሰው ፎጣ ደርበዋል። ላይፍ ጋርዱ ረጅም ዘንግ ዘርግቶልኝ "ያዢው፣ ያዢው" እያለ በዳር በዳር ይከተለኛል። ገመዱም እዚሁ ክንዴ ሥር ነው። በልቤ "እመቤቴ፣ ጉልበቱን ስጪኝ እንጂ እኔ አልነካውም" አልኩ። በጀርባዬ ተንሳፍፌ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ ተገልብጬ ቀጠልኩ። ቀስ እያልኩ ግድግዳውን ነካሁት።

ሳሌም ፎጣ ጣል አደረገችብኝ።

"ላስት ነሽኮ።"

"ብሆንስ? ገመድ ይዣለሁ?"

"አልያዝሽም" አለች።

"እንግዲያው ሰኞ ለዋና የምታደርሺኝ አንቺ ነሽ። እንዳትዘገዪ።"