ብረቱና በሩ

አባቴ የገዛው ትራክተር ከመቀመጫው ኋላ የቆመ፣ ከራስ በላይ ቅስት የሠራ ወፍራም ብረት ነበረው። ትራክተሩ ቢገለበጥ ሹፌሩ እንዳይጨፈለቅ የሚከላከል ብረት ነው። ችግሩ ትራክተሩ የሚያድርበት ክፍል በር ዝቅ ያለ መሆኑ ነበር። አባቴ ብሎኖቹን ፈታና ብረቱን ከግድግዳ አስደገፈው፤ የመቀመጫውን ቀበቶም ጠቅልሎ ከሥሩ ወሸቀው።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ነገሩን የሰማችው ቱታውን ሊወስድ ከመጣው መካኒክ ነው።

“እትዬ፣ ጋሼ ያንን ብረት ነቅለው ነው እንዴ የሚነዱት?”

“ምን ሥራ አለው እሱ?”

“ትራክተሩ ከተገለበጠ ከሥሩ የሚሆኑት እሳቸው ናቸው። ልዝለል ቢሉም ጊዜ አያገኙም።”

እናቴ መቀሷን አስቀመጠች። ራት ላይ ጀመረችው።

“ሃያ ዓመት ስነዳ አንድ ቀን ገልብጬ አውቃለሁ?” አለ አባቴ።

“ገልብጠህ ቢሆን ኖሮማ አሁን ከማን ጋር እጨቃጨቅ ነበር?”

“ብረቱ በበሩ አይገባም አልኩሽ እኮ!”

“እሺ” አለች። እናቴ ሳትከራከር እሺ ካለች ነገር አለ ማለት ነው።

በማግስቱ አባቴ የሰው መሬት ሊያርስ እንደወጣ ግንበኛ ጠራች። በልብስ መለኪያ ሜትሯ ለካችለት፤ እኔ መሰላሉን ያዝኩ። ከሰዓት አባቴ ሲመለስ ከበሩ በላይ ያለው ግድግዳ የለም።

“ምን ነክቷችሁ ነው?”

“አይገባም አላልክም? አሁን ይገባል።”

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ግን ፀጉሯ በአቧራ ነጥቶ፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያያት ሳቁ አመለጠው። “በዚህ አያያዝሽ ቤቱንም ታፈርሺዋለሽ” አለ።

“ካስፈለገ።”

መካኒኩ መጥቶ ብረቱን በአዲስ ብሎን መልሶ አሰረው። ቀበቶው ግን አይጥ በልቶት ተገኘ። አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ “አንቺ ጣፊልኝ” ቢላት፣ “የኔ ክር ሱሪ ይይዛል እንጂ አንተን አይይዝም” ብላ አዲስ አስገዛችው። ከዚያ በኋላ ሳያስር አይነሳም ነበር፤ ቆማ ታየዋለቻ።

ዝናብ በከረመበት ሰሞን ነው፣ አንድ ጎረቤታችን እየሮጠ መጥቶ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ መውደቁን የነገረን። እናቴ አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። የቦዩ ዳር ተንዶ ትራክተሩ በጎኑ ተኝቷል። ብረቱ ጭቃው ውስጥ ተተክሎ ከዚያ በላይ እንዳይገለበጥ ይዞታል። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ በቀበቶው ተንጠልጥሏል።

“አለሁ፣ አለሁ” ይላል፣ ገና ማንም ሳይጠይቀው።

ሰዎች ከሥር ደግፈው ቀበቶውን ፈቱለት። ቆሞ መራመዱን ሲያረጋግጥ ወደ እናቴ ዞረ። “አታልቅሺ እንጂ፣ ደህና ነኝ።”

“ማን አለቀሰ?” አለች፣ እንባዋ እየወረደ።

ሐኪም አይቶት ስብራት የለም ብሎ አሰናበተው። ቤት ስንገባ ሸሚዙን ገለጠች። ቀበቶው ወገቡ ላይ ሰንበር አውጥቷል። እርጥብ ጨርቅ አድርጋበት ዝም አለች።

“ዝም አትበይኝ፣ ብትቆጪኝ ይሻለኛል” አላት።

“ዛሬ ደክሞኛል። ነገ እቆጣሃለሁ።”

ትራክተሩ ከወጣ በኋላ ብረቱ ተጣሞ ተገኘ። ጎረቤታችን “ተመትቶ ይቃና” ሲል አባቴ መካኒኩ የሚለውን እንኳ አልጠበቀም። “አንዴ ጉልበቱን ጨርሷል፤ ሌላ እስኪመጣ አልነዳም” አለ።

አዲሱ ብረት ለመምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ። አባቴም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጦ መርፌ ሲያቀብል፣ ክር ሲያወሳስብ፣ ልብስ ሊያሰፋ ለመጣው ሁሉ እንዴት እንደተረፈ ሲያወራ ዋለ። እናቴ በመጨረሻ መካኒኩ ጋ ደወለች።

“በልጆችህ ይዤሃለሁ” አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ያንን ብረት ቶሎ አምጣልኝ።”