ሳል ያለበት ሸክላ

አባቴ ለሐኪሟ፣ «ማታ ማታ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። አንድም ቀን ስትስል አልሰማሁም» አላት።

እናቴ ደግሞ፣ «ማታ ማታ ነው ሳሉ የሚያጣድፈኝ» አለች።

ሐኪሟ ሁለቱን አፈራርቃ አየችና ወደ እኔ ዞረች። ምን ልበላት? ከነሱ ቤት ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ሁለቱም ደግሞ ሲዋሹ አላውቅም።

«ቤት ውስጥ እርጥበት የነካው ዕቃ አለ?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ግድግዳውን አየ።

ያለው ነገር ሸክላ ነው። አባቴ ሰዓት ሠሪ ነው፤ የጃዝ ሸክላ መሰብሰብ የጀመረው ገና ሳያገባ ነው። አንዱን ከተዘጋ ጭፈራ ቤት፣ ሌላውን ዕቃውን በትኖ ከሚሄድ ሰው፣ ሌላውን ሰዓቱን አሠርቶ በሸክላ ከከፈለው ደንበኛ እያለ መደርደሪያ ሞላ። ባለፈው ዓመት የሳሎኑ ቧንቧ ሲፈነዳ የመደርደሪያው የታችኛው ረድፍ ራሰ፤ ሁሉም ተግዞ መኝታ ቤት ገባ። አሁን ከእናቴ ትራስ እስከ ሸክላዎቹ አንድ ክንድ አይሞላም።

«ጣውንቶቼ» ትላቸዋለች። «ጣውንት እንኳ ታረጃለች። እነዚህ ግን አቧራቸው በተጠረገ ቁጥር ኮረዳ ናቸው።»

ከክሊኒኩ ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሙሉ ተከራከረ። «የሚያስሏት ሸክላዎቹ ቢሆኑማ አጠገባቸው ስትሆን ነበር የሚብስባት። ሙዚቃ ሲከፈት እኮ ጭራሽ ይተዋታል። እንዲያውም መድኃኒቷ ናቸው።» እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር። ነገሩ ሲሰሙት ልክ ይመስላል።

ያን ምሽት እዚያው ቆየሁ። አባቴ ከእራት በኋላ እጁን ታጠበ፣ አንድ ሸክላ መዘዘ፣ ሽፋኑን በደረቅ ጨርቅ ወለወለ። ግራጫ ብናኝ ተነሥቶ በመብራቱ ስር ተንሳፈፈ። ጎንበስ ብዬ ከታችኛው ረድፍ አንዱን አወጣሁ። ጀርባው አረንጓዴ ጠቃጠቆ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሻጋታ ነው።»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ። በየቀኑ እየጠረግኩት አይደል?»

ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አድርጎ መርፌውን አሳረፈ። በዚያ ቤት ሸክላ እየዞረ ማንም አይናገርም፤ ድምፅ ሳላሰማ በር መክፈት የተማርኩት በዚህ ሕግ ነው። መጀመሪያ ባሱ ገባ፣ ከዚያ ሳክስፎኑ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። እናቴ ከአልጋው ጫፍ ቀስ ብላ ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት።

ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ፣ ፎጣ በአፏ ይዛ፣ በገንዳው ላይ ጎንበስ ብላ ትስላለች። ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ድምፁን ውሃው ይበላዋል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳት፣ ሲለቃት።

«ሸክላዎቹ መኝታ ቤት ከገቡ ወዲህ።» ዓይኗን ጠረገች። «ድሮ ስልክ ቤት መስመር እያገናኘን ስንሠራ፣ ሳል የመጣበት ሰው ደዋዩ እንዳይሰማው ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ለምጄዋለሁ።»

«እዚያው ብትስይ ምን አለ?»

«ይበላሽበታላ። አባትህ ሌላ ምን አለው?»

«እንግዲያውስ አልሰማሁም ያለው እውነቱን ነው፣ እማዬ።»

«እኔስ መች ዋሸ አልኩ?»

«ሸክላዎቹ መድኃኒቷ ናቸው ያለውስ? ማስረጃው እኮ አንቺ ነሽ። እሱ ፊት ስለማትስዪ።»

ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ሳል ሆነ። ፎጣውን አጥፋ አስቀመጠችና ቧንቧውን ዘጋች፤ ተመልሳም መደርደሪያው ስር፣ ትራሱ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

አባቴ የሚወደውን ሸክላ ማጫወቻው ላይ እያስቀመጠ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ትንሽ ቡና ቤት የተቀዳ ነው። ፒያኖው ብቻውን ሲቀር፣ ከአድማጮቹ አንዱ ይስላል። ሰውዬው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አባቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጣቱን ያነሣል፤ «አሁን! ሰማችሁ? ሰው ነበረበት ማለት ነው።»

ያን ምሽትም ለእኔ ጣቱን አነሣ። ፒያኖው ቀጠነ። ሰውዬው ሳይደርስ እናቴ ሳለች። አጭር ሳል አልነበረም። የአባቴ ጣት አየር ላይ ቀረ። የሰውዬው ሳል አለፈ፤ አልሰማነውም።

አባቴ መርፌውን አነሣው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ታዲያ የት ነበርሽ?»

«ወጥ ቤት።»

የሰዓት ምት ሲዛባ ከክፍሉ ጥግ የሚሰማ ሰው ነው። የአንዱን ሽፋን ጠርዝ በጣቱ ጠረገና ጣቱን አየው። ከዚያ በሱሪው አበሰው።

«የታችኛውን ረድፍ ብቻ ላውጣ» አለ። «የላዩ ደህና ነው። በረንዳ ላይ ደግሞ ፀሐይ ያጣምማቸዋል። ቦታ እስክናገኝ ድረስ...» እየተናገረ እጁ ሳያውቀው ወደ መርፌው ሄዶ ነበር። አየችውና ቆመ።

«አጫውተው» አለችው። «ማውጣት አለማውጣቱ ያንተ ፋንታ ነው፤ አልለምንህም። እኔ ግን ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ቤት አልሄድም። ሲመጣብኝ እዚሁ እስላለሁ።»