መብራት የሚበላው

አከራይዋ እናት የተከራያቸውን የልብስ ሰፊዋን በር ሳያንኳኩ ገፋ አድርገው ገቡና ማጥፊያውን ቋ አደረጉት። ክፍሉ ድርግም አለ። ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሳች፤ መርፌው የሰው ሸሚዝ እጅጌ ላይ እንደተሰካ ቀረ።

“በጠራራ ፀሐይ መብራት! ኧረ እግዜርን ፍሪ!”

“እትዬ፣ ክፍሉ እኮ መስኮት የለውም።”

እውነቷን ነው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ግቢው ፊት ለፊት ሱቅ ነበራቸው፣ ይህም የጓሮ ክፍል የሱቁ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ለዘይትና ለሳሙና ደግሞ መስኮት የሚከፍት የለም።

“በየወሩ የመብራቱን ሂሳብ ግማሽ እየከፈልኩ በየቀኑ ጭቅጭቅ!” አለች ልብስ ሰፊዋ። “በቃኝ። ወሩ ሲያልቅ እለቃለሁ።”

“መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ!” አሉ እናትየው። እሷ ከሄደች ግቢው ውስጥ የሚቀሩት ብቻቸውን ነው። ግን ካፋቸው የወጣውን መመለስ አልሆነላቸውም።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው እሑድን እናቷ ጋ ልታሳልፍ መጥታ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ ብቅ አለች።

“እስቲ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚበላ እናስላው” አለች ስልኳን እያወጣች።

“ምኑ ይሰላል? የመብራት ሂሳብ አይደል የሚባለው? መብራት ያበራ ይከፍላላ!”

“እማዬ፣ ስሙ ነው እንጂ መብራት፣ ካውያውም ምድጃውም የሚበላው ያንኑ ኤሌክትሪክ ነው።”

እንግዲህ ጉድ ያደረጋቸው ስሙ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ የመብራት ከፈልኩ ሲባል የሰሙ ሴት ጥፋቱን ሁሉ አምፖል ላይ ቢጥሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እሳቸው ራሳቸው ቁጠባ ነው ብለው አምፖሉን ያጠፉና ማታ ማታ በቴሌቪዥኑ ብርሃን ይንቀሳቀሱ ነበር።

ልጅቷ ዋቱን ከየዕቃው ላይ እያነበበች በሰዓት አባዛች። “የእሷ አምፖል ዘጠኝ ዋት ነው። ቀኑን ሙሉ ቢበራ በወር ሦስት ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። የስፌት መኪናውና ካውያው ተደምረው ሠላሳ ቢሆኑ ነው።”

“ታዲያ ያ ሁሉ ሂሳብ ከየት መጣ?”

ልጅቷ ሳሎን ገብታ ከትልቁ ፍሪጅ ጀርባ አጎነበሰች። የሱቁ ፍሪጅ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ሌላው ዕቃ ሁሉ ተሸጦ እሱ ብቻ ቤት ገባ። በልጅነቷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው የሚሞቀውን ጎኑን ተደግፋ ነበር፤ አባቷ ከባንኮኒው ማዶ ሆነው “አንቺ፣ ለስላሳውን ልታፈዪው ነው?” እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እጇን ጎኑ ላይ አሳረፈች። ዛሬም ይሞቃል።

“መቶ ሃምሳ ዋት” አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። “የበሩ ላስቲክ አልቋል። ቅዝቃዜው ስለሚያመልጥ ሞተሩ ሌት ተቀን አያርፍም። በወር ከመቶ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው፤ ከቢሉ ግማሹ ማለት ነው። እማዬ፣ ይቺ ልጅ ስትከፍል የከረመችው ለአባዬ ፍሪጅ ነው።”

እናትየው የፍሪጁን በር ከፈቱት። ውስጡ ያለው አንድ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነው።

“አባትሽ ማታ ሱቁን ሲዘጋ አንድ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ለኔ ያስቀር ነበር” አሉ። “ሰው ሲጠይቀው ‘የደንበኛ ነው፣ አይሸጥም’ ይላል። ደንበኛዋ እኔ ነኝ እንግዲህ!” ሳቁ፣ ሳቁም ሳያልቅ ዓይናቸው እንባ ሞላ። “ይሄ ሞተር ሲያጉረመርም ገና ሱቅ ያለ ይመስለኛል። ናፍቆኛል፣ ልጄ። እሱን እየሰማሁ ነው የምተኛው።”

“እንግዲያው ይሥራ። የሱን እኔ እከፍልልሻለሁ።”

እናትየው ጎንበስ አሉና ሶኬቱን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ሞተሩ ተንዘፈዘፈና ጸጥ አለ። ቤቱ ጭር አለ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ሲሸሹት የኖሩት ጭርታ ነበር። ብዙም አልቻሉትም፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ጓሮው ክፍል ሄዱ።

ልብስ ሰፊዋ መብራቱን መልሳ ሳታበራ፣ ክሮቿን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር።

“ተዪው እሱን” አሉ ከበሩ ላይ ሆነው። “መኪናሽን ያዢና ሳሎን ነይ። እዚያ መስኮት አለ።”

“የት ላስቀምጠው፣ እትዬ? ቦታ የለም እኮ።”

“ፍሪጁ ይወጣል። እሱ ቦታ ላይ ታደርጊዋለሽ።”

ልብስ ሰፊዋ አመነታች። “ድምፁ ይረብሽዎታል። ሥራ ሲበዛ እስከ ማታ ነው የምሰፋው።”

“ስፊ” አሉ እናትየው። “እንቅልፍ እስኪወስደኝ ስፊ።”