«ትንሽ አሞታል»

ቴሌግራሙ አጭር ነበር፦ «አባትሽ ትንሽ አሞታል። ነዪ።»

እንግዲህ እኛ አገር ባሕር ማዶ ላለ ሰው «ሞተ» ተብሎ አይጻፍም። ሰውዬው ተቀብሮ፣ ሰልስቱ አልፎም እንኳ «ትንሽ አሞታል» ነው የሚባለው። ዳሲቱ ፍራንክፈርት ነርስነት ስትማር ዓመታት ብትቆይም የአቃቂ ልጅ ናት። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል እንዳነበበች አባቷ እንደሞተ ገባት።

አውሮፕላኑ ውስጥ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አጠገቧ የተቀመጡት ጀርመናዊት አሮጊት ብርድ የያዛት መስሏቸው ብርድ ልብሳቸውን ደረቡላት። አቴና ወረዱ፣ ጠበቁ፣ ተሳፈሩ። ካይሮም እንደዚያው። አስተናጋጇ ያቀረበችላት ምግብ ሳይነካ ተመለሰ። በባቡር ቢሆን በየጣቢያው «ምን ሆንሽ?» የሚላት አይጠፋም ነበር፤ ሰማይ ላይ ግን ለቅሶ የሚደርስ ጎረቤት የለም። አባቷ ደበላ አቃቂ ጣቢያ ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ ሲያሸጋግር ያረጀ፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ያሳደጋት ሰው ነው። ሳልቀብረው! አለች በልቧ፤ ድምፁን እንኳ ሳልሰማው! አስመራ ሲደርሱ እንባዋ አልቆ ድካሙ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ቦሌ የጠበቃት የአባቷ የሥራ ባልደረባ ቀናው ነው። ነጠላዋን ሲያይ ክው አለ።

«ምነው ልጄ? ደበላ እኮ ደህና ነው!»

«አይዋሹኝ፣ ጋሼ ቀናው።»

«ኧረ በሥላሴ! አዳልጦት እግሩ ተሰብሮ ነው እንጂ ደህና ነው።»

መርዶ የያዘ ሰው ሁሉ እስኪነጋ የሚምለው እንዲህ ነው። ቀናው በማለ ቁጥር ዳሲቱ አባቷን ይበልጥ ቀበረችው። ታክሲው ቃሊቲን ሲያልፍ ምስኪኑ መሐላ አለቀበትና ዝም አለ፤ ይኸው፣ አለች በልቧ፣ አመነ።

ደጃቸው ድንኳን የለም። አፍርሰውታል ማለት ነው። ከታክሲው ወርዳ «ዋይ አባዬ! ዋይ አባዬ!» እያለች፣ ደረቷን እየደቃች ገባች።

ደበላ በጄሶ የታሸገ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ሽንኩርት እየላጠ ነበር። ቢላዋው ከእጁ ወደቀ።

«ማን ሞተ?»

«አንተ!» አለችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። ደስ እንዲላት ፈለገች፤ ግን ለደስታም አቅም ያስፈልጋል።

«እኔ እኮ ናፍቀሽኝ ነው ያስጻፍኩት» አለ ደበላ ግራ ገብቶት።

«እግሬ ተሰበረ አይባልም?»

«እንዳትደነግጪ ብዬ ነዋ!»

መንገዱን ሁሉ እንዴት እንደመጣች ስትነግረው መሳቅ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ጎንበስ ብሎ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሳና አቃንቶ መልሶ አለበሳት።

«በቃ፣ አልቅሰሽልኛል» አለ። «የእውነቱን ስሞት ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጠሽ እንዳትንከራተቺ።»

ዳሲቱ ራሷን ደህናው ጉልበቱ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝም በል፣ አባዬ። ገና ከቀብርህ መመለሴ ነው።»