የቦዲል ዕድል

ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ከተማ ያለው የበረዶ ውሃ ዋና ክለባችን አባላት ሳውናውን፣ የምንሞቅበትን ክፍል፣ የምናጥበው በተራ ነው። ተረኞቹን በየወሩ ድረ ገጻችን ያወጣል፤ የቦዲል ስም ግን ወጥቶ አያውቅም። ክለቡን የመሠረተችው እሷ ስለሆነች የአባላቱ ስም ያለበት ዳታቤዝ ውስጥ አንደኛ ናት።

«የድረ ገጹን ኮድ የጻፍከው አንተ ነህ። ምን አቅምሳህ ነው?» አለኝ የወሩ ተረኛ ፕሬበን፣ የሳውናውን ወለል ፈትጎ ሲወጣ።

ደሜ ፈልቶ ድረ ገጹ የሚሠራበትን የፒኤችፒ ኮድ ከፈትኩት። ለካ ዳታቤዙ መልስ መስጠቱን ለማየት ኮዴ የመጀመሪያውን ስም አውጥቶ እዚያው ይጥለዋል፤ ዝርዝሩ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ጥፋቱን አስረዳሁና «ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ» አልኩ።

«ማን አስተካክል አለህ?» አለ ፕሬበን። «ስሞቹን ብቻ በየወሩ በውዛቸው። አንደኝነቱ ለሁላችንም ይድረሰን።»

ከቦዲል በቀር ለድጋፍ እጁን ያላወጣ አልነበረም።