ጽጌረዳዬን ማን አስጎነበሳት?

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በገዛ እጃችሁ ተክላችሁ፣ ውሃ አጠጥታችሁ ያሳደጋችኋት ጽጌረዳ ለእናንተ ጀርባዋን ሰጥታ ለጎረቤት ስትስቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ስለ ትዕግሥት አትስበኩኝ። እኔ አይቻለሁ። አሥራ አንድ አበባ፣ አሥራ አንዱም ከላይ የምትኖረው ጎረቤቴ መስኮት ላይ! ለእኔ ከታች የደረሰኝ እሾህና እንደ መጥረጊያ እንጨት የተራቆተ ግንድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የወላጆቻችን ቤት ለመንገድ ተብሎ የፈረሰ ዕለት ታላቅ እህቴ ከማፍረሻው መኪና ፊት ቆማ ሾፌሩን ሩብ ሰዓት አስፈቀደችው። በዚያች ሩብ ሰዓት እናታችን በር ላይ ከተከለቻት፣ ግድግዳ ላይ ከምትወጣው ጽጌረዳ አምስት ቅርንጫፍ ቆረጠች። አራቱ ደረቁ። አምስተኛዋ ሥር ያዘች። እህቴ ያን ጊዜ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጭብጥ አፈር በሌለበት ቤት ነበር የምትኖረው፤ ስለዚህ በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ ለእኔ አመጣችልኝ።

«አደራ ነው፤ ስጦታ አይደለም» አለችኝ። «ጠበቃ ስለሆንክ ልዩነቱ አይጠፋህም።»

ጽጌረዳዋ የዋዛ አልነበረችም። በዓመቷ ቁመቴን አለፈች። በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቴ በላይ ሄደች። ሰኞ ምልክት ያደረግሁበትን ቦታ ቅዳሜ ሳየው በስንዝር አልፋው አገኛት ነበር። እኔም ግድግዳው ጥግ ረጅም የብረት ቱቦ ተከልኩና ዘንጎቿን ሁሉ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ አድርጌ አሰርኳቸው። ከችሎት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ቀና ብዬ እሷን አይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በችሎትም በጋዜጣም የተሟገትኩት ከአጎንባሾች ጋር ነው። በዚህም ሁለት አዘጋጆችና አንድ አማች እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል። ታዲያ በራሴ ግቢ ጽጌረዳ ላስጎነብስ?

ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ግቢው ሁሉ ሲስተር ይላታል። አርባ ዓመት ቁስል ስታስር የኖረች ሴት ናት። ድምጿን ከፍ አድርጋ አትናገርም። እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ከማይጮህ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ? አሥራ አንዱ አበባ የፈነዳ ጠዋት በመስኮት ብቅ አለች።

«ጋሼ ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ክፍሌ ሽቶ ሽቶ ሸተተ እኮ።»

«ለእርስዎ አልተከልኳትም!»

«አውቃለሁ። ግን የተገተረ ዘንግ የሚያብበው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። ጎንበስ አድርገው በግድግዳው ላይ ያጋድሟት፤ ከእግሯ እስከ ራሷ ታብብልዎታለች።»

«እኔ ቤት የሚጎነብስ ነገር የለም!»

«እሺ፤ እንግዲያው እኔው ላሽትትልዎት» አለችና መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

ደሜ ፈላ። ዕለቱን ሦስት ገጽ ጽፌ የውሃና የመብራት መቋረጥ በሚለጠፍበት የደረጃው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። ሥሩ የእኔ ከሆነ አበባውም የእኔ መሆኑን ከአንቀጽ አንቀጽ አስረዳሁ። በማግስቱ ከሥሩ በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ እንዲህ የሚል መልስ ተለጥፎ አገኘሁ፦ «አበባዋ የሄደችው ወደ ብርሃን ነው። ክሱን ለፀሐይ ያድርሱልኝ።» ግቢው ሳምንት ሙሉ ሳቀብኝ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር የሆነው አናጢ ሳቁ አላስቆም ብሎት ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ዘንድሮ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ እህቴ ደወለች። አትክልቱ ውስጥ ነበርኩ።

«ቤት ገዛሁ፤ ግቢ አለው» አለችኝ። «አደራዬን ልወስድ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ? ሥሯ ግድግዳው ሥር ገብቷል! ብትነቅያት ትሞታለች!»

«አንተ ምን ይጎድልብሃል? አበባዋን እንደሆነ አግኝተህ አታውቅ። እናታችን በሩ ላይ ወንበሯን አድርጋ፣ ተቀምጣ ነበር የምታሸታት። ስታብብ መጥቼ እኔም እንደ እሷ እቀመጣለሁ። ከወንበሬ ሳልነሳ አፍንጫዬ ጋ የሚደርስ አንድ አበባ ካገኘሁ ጽጌረዳዋ እዚያው ትኑር። ካላገኘሁ በያዝኩት አካፋ አወጣታለሁ።»

«አንድ አበባ ብቻ?»

«አንድ። ካንተ ብዙ አልጠብቅም።»

እንዲህ ናት እህቴ። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ክርክር ያስተማረችኝም እሷ ስለሆነች አንድም ቀን ረትቻት አላውቅም። ስልኩ ውስጥ ጮህኩ፤ ለመንኩ፤ ሕግ ጠቀስኩ። ዘጋችብኝ። ሰዎች የእኔ ድምፅ ስልክ አያስፈልገውም ይላሉ፤ ቀና ስል የሲስተር መስኮት ክፍት ነበር።

ከዚያ በኋላ ፍግ ጨመርኩላት። አፈሯን ኮተኮትኩ። ተቆጣኋት። እሷ ግን አውራ ጣቴን የሚያክል ወፍራም ሁለት አዲስ ዘንግ አውጥታ እየተመዘዘች ወደ ላይኛው መስኮት ገሰገሰች። በዚህ መሀል በሌላ ከተማ ቀጠሮ ነበረኝና አሥራ ሁለት ቀን ከቤት ጠፋሁ።

ስመለስ ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ።

ዘንጎቼ ከብረቱ ተፈተዋል! አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ፣ በግድግዳው ላይ በተወጠረ ሽቦ፣ እጁን እንደ ዘረጋ ሰው ተጋድመዋል። ረጅሙ ጎብጦ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር አልፎ እስከ ጥጉ ደርሷል። እያንዳንዱ ማሰሪያ ነጭ ፋሻ ነው።

ጩኸቴን ሰምቶ ያልወጣ ሰው አልነበረም።

«ምነው ጋሼ፣ ሌባ ገባ?» አለኝ አናጢው እየሮጠ።

«ከሌባ የባሰ! ሌባ እንኳ ሰርቆ ይሄዳል እንጂ የሰው ዕቃ አጎብጦ አይሄድም!»

እዚያው ቆሜ ጻፍኩ፦ «በጽጌረዳዬ ላይ እጁን ያነሳ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ራሱን ያሳውቅ። በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም እከሰዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ችሎት እወስደዋለሁ።» ፈረምኩ፤ ማኅተሜን መታሁበት፤ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ መቀስ ይዤ ፋሻውን ልፈታ ተመለስኩ።

እጄ አየር ላይ ቀረ።

በተጋደመው ዘንግ ላይ፣ ቅጠል በበቀለበት አንጓ ሁሉ፣ የክብሪት ጭንቅላት የምታክል ቀይ ቡቃያ ወደ ሰማይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ተንበርክኬ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት! ሌላው ዘንግ ላይ ሠላሳ ስምንት! መቀሱን ወርውሬ እንደገና ጮህኩ፤ አናጢውም እንደገና ሮጦ መጣ።

«አሁን ደግሞ ምን ተሰረቀ?»

«ና ቁጠር! ዝም ብለህ ና ቁጠርልኝ!»

ከዚያን ቀን ወዲህ የነበረውን ሰሞን እንዴት ልንገራችሁ? ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ሜትር ይዤ እወጣለሁ። ቡቃያው ጣት አከለ፤ ስንዝር ሞላ፤ ከዚያ እምቡጥ አወጣ፤ አንዱ ሦስት፣ አንዱ አምስት! ልብሴ ላይ እሾህ ተሰክቶ ችሎት ገባሁ። አንድ ቀን የተቃራኒ ወገን ጠበቃን ፈገግ ብዬ «እንደምን አደርክ ወንድሜ» አልኩት፤ ደንግጦ ቀጠሮ አስለወጠ። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ዛቻ ግን እዚያው ነበር፤ ጽጌረዳዋ እንጂ እኔ አልጎበጥኩም። ራሱን ያሳወቀም አልነበረም።

ቅዳሜ የመጀመሪያዋ ፈነዳች። እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት ግድግዳው የለም! ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ጀምሮ እስከ መስኮቱ ድረስ አበባ ብቻ ነው፤ መሀሉ የደመቀ፣ ዳሩ የሳሳ ሮዝ። የእናቴ በር ሽታ ነው። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ እንደ እብድ ሳቅሁ።

እህቴ እንዳለችው መጣች፤ በአንድ እጇ ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው አካፋ። ወንበሩን ከግድግዳው አጠገብ ዘርግታ ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። አንዱ ዘለላ ጉንጯን ነካት፤ አንዱ ጆሮዋ ሥር ገባ። ደጋግማ አሸተተች።

«እሷው ናት» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ጣቷን ፋሻው ላይ አሳለፈች። «ይህን ማን አሰረው?»

አፌን ከፈትኩ። አልዋሽም፦ «እኔ ነኝ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አንተማ አይደለህም» አለችኝ። «የጫማህን ክር እስከ አሥራ ሁለት ዓመትህ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። እየው፣ ጠብቆ ልጡን አልጎዳው፤ ላልቶ አልለቀቀው፤ ጣት ያሳልፋል። ይህ ቁስል ማሰር የለመደ እጅ ነው።»

ሁለታችንም ቀና አልን። ከላይ መስኮቱ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«አበባውን አግኝቻለሁ፤ ረትተሃል» አለች እህቴ። «ግን ለከርሞስ? በየዓመቱ አዲስ ዘንግ ይመጣል፤ አንተ ደግሞ መልሰህ ትገትራታለህ። ያሰራት ሰው ‹ከእንግዲህም እኔ አስራታለሁ› ብሎ በሰው ፊት ይናገር። የሚመጣው እሑድ በአራት ሰዓት እመለሳለሁ። እስከዚያ አካፋው እዚሁ ይቆይ።» ግድግዳው ላይ አስደግፋው ሄደች።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። በሩ በአንድ መዳፍ ስፋት ተከፈተ።

«ሲስተር፣ ፋሻው የእርስዎ ነው?»

«የትኛው ፋሻ?»

«ጽጌረዳዬን ያሰሩበት ነዋ!»

«እኔ? ይህ ጉልበቴ ደረጃ ይወርዳል ብለው ነው?»

«ትናንት ከገበያ ሲመለሱ በዓይኔ አይቼዎታለሁ!»

«ጋሼ ጠበቃ፣ ታች የተለጠፈው ‹በወንጀልም በፍትሐ ብሔርም› ይላል። እኔ የጡረታ ሰው ነኝ፤ ጠበቃ ሳላማክር ቃሌን አልሰጥም።»

«ጠበቃማ ይኸው ፊትዎ ቆሜያለሁ!»

«እርስዎማ ከሳሽ ነዎት።»

በሩን ስትገፋው ከትከሻዋ በላይ መስኮቷ ታየኝ። ባዶ ነበር። አምና አሥራ አንድ አበባ የተደገፈበት መስታወት ላይ ዘንድሮ አንድ ቅጠል የለም። ዘንጎቹን አጋድማ ስታስር የገዛ አበባዋን ነው ወደ እኔ ያወረደችው! በሩ ፊቴ ላይ ተዘጋ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የሲስተር ዝምታ ግን እኔን አነቀዘኝ።

ወርጄ ዛቻዬን ከሰሌዳው ገነጠልኩ፤ ማኅተሙን ሁለት ቦታ ቀደድኩት። በቦታው ይህን ለጠፍኩ፤ ያልደረሰው እንዳይኖር እዚህ ጋዜጣ ላይም እደግመዋለሁ፦

«ለሲስተር። ክሴን አንስቻለሁ። ሥሩ የማን እንደሆነ ሦስት ገጽ ስጽፍ አበባው ለማን እንደሚገባ አላወቅሁም ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ማንም ይስቅ። አሁን ግን ተራው የእርስዎ ነው። እሑድ በአራት ሰዓት፣ እህቴ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ አካፋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ፣ ግቢው ሁሉ ቆሞ እየሰማ ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። መስኮትዎ ባዶ እንደሚቀር እያወቁ ለምን አሰሯት? ለከርሞስ ያስሯታል ወይስ አያስሯትም? በበር ስንጥቅ አልቀበልም። በመድኃኒት ማዘዣ ጀርባም አልቀበልም። ይውረዱና በሰው ፊት ይመልሱ!»